የታሪክ ኤሴይ ላይ «ቴሲስ የለውም» እየተባለ ነጥብ ለሚቀነስበት ጠያቂያችን

ወንድሜ፣ ታሪኩን እያወቅከው ነጥብ የሚቀነስብህ ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። መልሱ ራስህ ቴሲስ (ኤሴዩ የሚሟገትለት ዋና አቋም) ብለህ የለጠፍከው ዐረፍተ ነገር ላይ አለ፦ «የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተነሣው በብዙ ምክንያቶች ነው።»

1. ይህን የሚቃወም ሰው የለም፤ ስለዚህ አቋም አይደለም። ተቃራኒውን ጽፈህ እየው። ተቃራኒውን ይዞ የሚሟገት ሰው ከሌለ ሰርዘው።

2. የኤሴዩ ጥያቄ ስለ ጦርነቱ «ጀርመን ምን ያህል ተጠያቂ ናት?» ነው የሚለው። «ምን ያህል» ካለህ መጠን ነው የሚፈልገው፦ ሙሉ በሙሉ፣ በአብዛኛው ወይስ ከሌሎቹ እኩል? ብዙ ነጥብ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ተማሪው የጦርነቱን ስም ሲያይ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረግፋል። «ሚሊታሪዝም፣ የጦር ጥምረት፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ብሔርተኝነት» የሚለውን ዝርዝር እንደ ቴሲስ የሚያስጠኑ ሰዎች ደግሞ ተማሪን ይበድላሉ። ዝርዝሩ የቱ ከየቱ እንደሚበልጥ አይናገርም።

3. በቴሲሱ አትጀምር። ኤሴዩ የ45 ደቂቃ ከሆነ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ማስረጃ ደርድር። እ.ኤ.አ. በ1914፣ ጁላይ 5 ጀርመን ለኦስትሪያ-ሀንጋሪ ያልተገደበ ድጋፍ ሰጠች፤ ጁላይ 23 ኦስትሪያ ለሰርቢያ የ48 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ላከች፤ ጁላይ 30 ሩሲያ አጠቃላይ ክተት አዘዘች፤ ኦገስት 4 የጀርመን ጦር ቤልጂየም ገባ። ከዚያ የማን ውሳኔ እንደሚያመዝን ፍረድ፦

«ሩሲያ በክተት ትእዛዟ ቀውሱን ብታባብሰውም ዋናዋ ተጠያቂ ጀርመን ናት፤ ያልተገደበው ድጋፏ ኦስትሪያን አደፋፍሯል፣ በቤልጂየም በኩል ፈረንሳይን የመውጋት ዕቅዷም የባልካኑን ግጭት ወደ ምዕራብ አውሮፓ አዛምቶታል።»

«ብታባብሰውም» ያልነው የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ማስረጃ ከወዲሁ ለመመለስ ነው። ደካማውን መርጠህ ብትመልስ አራሚው ወዲያው ያውቅብሃል። «ዋናዋ» ለ«ምን ያህል» መልስ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ሁለት አንቀጾች ይሆናሉ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፤ የሩሲያ ጉዳይ ከእነሱ በፊት የራሱን አንቀጽ ይይዛል። ስለ ቅኝ ግዛት ሽሚያ የምታውቀው ከአንዱም ጋር ካልተያያዘ፣ የቱንም ያህል ብታጠናው ተወው። «በዚህ ኤሴይ የማሳየው…» የሚል መንደርደሪያም አያስፈልግም።

ሌላው፣ መግቢያው ላይ ሦስት መስመር ባዶ ተው። ስትጽፍ ሐሳብህ ይለወጣል፤ መግቢያው ጀርመንን ከስሶ መደምደሚያው ሁሉንም እኩል ተጠያቂ የሚያደርግ ኤሴይ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ ተመልሰህ ቴሲሱን በትክክል ከተሟገትክለት ነገር ጋር አስማማው፤ ለዚህም ሦስት ደቂቃ አትርፍ።