ስኳሩን ብቻ አትዩ፣ ልጆቼ

ጎንደር ውስጥ የስኳር ሕሙማንን ስከታተል ነው ያረጀሁት። ወደ ክትትል ክፍሉ የሚገባው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስኳሬ ስንት ሆነ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ጫማና ካልሲውን አስወልቀዋለሁ። ሁለት ጣቴን እግሩ ላይ አሳርፌ የደም ሥሩን ምት እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ላይ ወዲያው አገኘዋለሁ። አንዳንዱ ላይ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ሰውየው ግን ስኳር አለብህ የተባለው ገና በዚህ ሳምንት ነው።

ዓይነት ሁለት ስኳር ምርመራ ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ነው የሚጀምረው። ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ አልታዘዝ ሲሉ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን እያመረተ ነገሩን ይሸፍነዋል። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ ሲለካ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እስኪገባ ድረስ ሰው ጤነኛ ነኝ ይላል። ኢንሱሊን ደግሞ የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እንዲያመነጭ ያደርጋል። ያኔ የደም ሥሩ ይላላል፣ ደሙም እንደልቡ ያልፋል። ሽፋኑ ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል የደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ቅባትም ግድግዳው ላይ መከማቸት ይጀምራል።

ስለዚህ ተራመዱ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊን ሳይጠብቅም ስኳር ይስባል። ከፒያሳ ማራኪ ባጃጅ ባትይዙ ምን አለ? አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ለስኳር በተቃረቡ ሰዎች ላይ እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ በበሽታው የመያዝን ዕድል በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ደግሞ በ31 በመቶ እንደቀነሱት አሳይቷል።

ሜትፎርሚን ከታዘዘላችሁ ከምግብ ጋር ውሰዱት። መጀመሪያ ሰሞን ሆድ ይረብሻል፤ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ስኳሬ ወረደ ብላችሁ ግን አታቋርጡት። ይሄ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። የግፊትና የኮሌስትሮል ኪኒን ሲጨመርም «እኔ የታመምኩት ስኳር ነው» አትበሉ፤ ልብንና ኩላሊትን የሚያተርፉት እነሱም ናቸው። ጾም ሲገባ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትተዉ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ሰዓቱን ያስተካክልላችኋል። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት፤ ለደም ሥር ከሱ የባሰ ጠላት የለም።

እናት ወይም አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ደግሞ ምልክት አትጠብቁ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስኳራችሁንም ግፊታችሁንም ተለኩ።