ሆፑ በዝቶ መዓዛው የት ጠፋ?

አንድ አንባቢ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፔል ኤል (ፈካ ያለ የቢራ ዓይነት) እቤቱ ጠምቆ ቅር ብሎት ጽፎልኛል። ለ20 ሊትር ቢራ 4.2 ኪሎ ፔል ብቅልና 800 ግራም ጠቆር ያለ ክሪስታል ብቅል ተጠቅሟል። ሆፑ፣ ማለትም ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ፣ በድምሩ 100 ግራም ነው። 40 ግራም ሴንቴኒያል ለ60 ደቂቃ፣ 40 ግራም ካስኬድ ደግሞ ለ30 ደቂቃ ተቀቅሏል። ቀሪው 20 ግራም ካስኬድ ቢራው ወደ ሌላ ዕቃ ከተገለበጠ በኋላ ገብቶ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። «ጉሮሮ የሚይዝ መራራ ሆነብኝ። የብርቱካን መዓዛ ጠብቄ ካራሜል አገኘሁ። ቀጥሎ ስጠምቅ ሆፑን እጥፍ ላድርገው?» ይላል።

አይ ወንድሜ፣ እጥፍ አታድርገው። በዚሁ አካሄድ እጥፍ ብታደርገው ምሬቱ እጥፍ ይሆናል፣ መዓዛው ግን ብዙም አይጨምርም። መቀየር ያለበት መጀመሪያ ሆፑ የሚገባበት ሰዓት ነው።

ሆፕ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ አልፋ አሲድ ነው። እሱ መራራ የሚሆነው ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ነው። ሌላው ዘይቱ ነው። የብርቱካን፣ የሎሚ፣ የጥድ መዓዛ ያለው እዚያ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፈላ ድስት ጋር አይስማማም። በብዛት ያለው ሚርሲን የሚባለው ዘይት ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። አንተ ከ100 ግራሙ 80ውን ረጅም ጊዜ ቀቅለኸዋል። ወጥ ቤቱ በጣም ሸቶህ ከነበረ፣ ብርጭቆህ ውስጥ የፈለግኸው መዓዛ እሱ ነበር።

ምሬቱን በቁጥር እንየው። ሴንቴኒያሉን 10 በመቶ፣ ካስኬዱን 6 በመቶ አልፋ ብለን ብንይዝ፣ ቲንሴት በሚባለው የምሬት ማስያ ቀመር የመጀመሪያው 45፣ ሁለተኛው 21 አይቢዩ (የቢራ ምሬት መለኪያ) ገደማ ይሰጣሉ። በድምሩ 66 ነው። ለዚህ ዓይነት ቢራ የተለመደው ከ30 እስከ 50 ነው። ስለዚህ ጉሮሮህ የነገረህ እውነት ነው።

ካስኬድ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬዎች የተለቀቀ የአሜሪካ ሆፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ ከተማ ሴራ ኔቫዳ የተባለው ቢራ ጠማቂ ፔል ኤሉን ሲጠምቅ፣ ቢራውን የለየው የዚህ ሆፕ የግሬፕፍሩትና የአበባ መዓዛ ነበር። ስለዚህ ፔል ኤል ስትነድፍ ከመዓዛው ጀምር። ብቅሉም፣ ውሃውም፣ እርሾውም ለእሱ ቦታ እንዲለቁ አድርገህ አስተካክላቸው።

ክሪስታል ብቅልህ ያንን ቦታ አልለቀቀም። 800 ግራም ማለት ከጠቅላላው 16 በመቶ ነው፣ ያውም ጠቆር ያለው። ጠቆር ያለ ክሪስታል የዘቢብና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያመጣል፣ የሆፑን ፍሬያማነት ይሸፍነዋል። ቢራው ሲያረጅ ደግሞ ይብስበታል። እኔ እንዲህ እነድፈዋለሁ፦ 4.3 ኪሎ ፔል ብቅል፣ 350 ግራም ሙኒክ ብቅል፣ 150 ግራም ፈካ ያለ ክሪስታል። ዕቃህ ከብቅሉ ስኳር 72 በመቶ ያህሉን የሚያወጣልህ ከሆነ 20 ሊትር ላይ መነሻ ግራቪቲህ (ከመብላላቱ በፊት ያለው የስኳር መጠን ልኬት) 1.052 አካባቢ ይሆናል። ዝቅ ካለብህ ፔል ብቅሉን ብቻ ጨምር። ብቅሉን በ66 ዲግሪ ውሃ ለአንድ ሰዓት ዘፍዝፈው። ከዚያ በላይ ብታሞቀው ቢራው ከባድና ጣፋጭ ይሆንብሃል፣ ሆፑም ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ሆፑ። ለመነሻ ምሬት 18 ግራም ማግነም የሚባል ሆፕ ለ60 ደቂቃ ቀቅል። ማግነም 12 በመቶ አልፋ አካባቢ አለው፣ ምሬቱም ንጹህ ነው። ከዚህ 24 አይቢዩ ያህል ታገኛለህ። መቀቀሉ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው 20 ግራም ካስኬድ ጨምር። እሳቱን ካጠፋህ በኋላ ዎርቱን (ገና ያልተብላላውን የብቅል ጭማቂ) ወደ 80 ዲግሪ አቀዝቅዘው፣ 20 ግራም ካስኬድና 20 ግራም ሴንቴኒያል ጨምረህ አማስለው፣ ከድነህ 20 ደቂቃ ተወው። በ80 ዲግሪ አልፋ አሲዱ ወደ መራራነት የሚቀየረው በዝግታ ነው፣ ዘይቱም ያን ያህል አይተንም። እኔ የምወደው እርምጃ ይሄ ነው። የቢራውን የሆፕ ጣዕም፣ ማለትም ምላስ ላይ የሚቀረውን፣ የሚሠራው በአብዛኛው እሱ ነው። ጠቅላላ ምሬቱ 34 አካባቢ ይወጣል። ለ1.052 ቢራ ጥሩ ሚዛን ነው። የአልፋ መጠን በየምርቱ ስለሚለያይ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን አይተህ የማግነሙን ግራም አስተካክል።

ለድራይ ሆፕ፣ ማለትም ሳይቀቀል ቢራው ውስጥ ለሚገባው ሆፕ፣ 40 ግራም ካስኬድና 30 ግራም ሴንቴኒያል ይበቃሃል። ጠቅላላው ሆፕ ወደ 150 ግራም ሆነ ማለት ነው። ካንተው ይበልጣል፣ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ የሚቀቀለው 18 ግራም ብቻ ነው። የያዝካቸው ሁለቱ ሆፖች አብረው ስለሚስማሙ ለመዓዛ ሦስተኛና አራተኛ ዓይነት አትፈልግ። ብዙ ዓይነት ሲደባለቅ ሁሉም ይደበዝዛል። ሌላ ጊዜ ሴንቴኒያሉን በሲትራ ብትተካው ወደ ማንጎና ሎሚ፣ በሲምኮ ብትተካው ወደ ጥድ ይሄድልሃል። ከመጠቀምህ በፊት ግን ጥቂት ፔሌት (ተጨምቆ የተዘጋጀ ሆፕ) መዳፍህ ላይ አሽተህ አሽትተው። አይብ አይብ ካለ ያረጀ ነው፣ ጣለው። የተከፈተ ፓኬት አየሩን አስወጥተህ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥ።

ሁለት ሳምንት ድራይ ሆፕ ማድረጉ ግን አልጠቀመህም። የሆፑ መዓዛ አብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው የሣር ጣዕምና አፍ የሚያደርቅ ነገር ነው። ሦስት ቀን በቂ ነው። የምታስገባውም ቢራው ተብላልቶ ሊጨርስ ሲል፣ ግራቪቲው 1.014 አካባቢ ሲደርስ ይሁን። እርሾው ገና ስላልተኛ፣ ክዳኑን ስትከፍት የገባውን ጥቂት ኦክሲጅን ይጠቀምበታል።

ይሄን ኦክሲጅን እባክህ በቁም ነገር ያዘው። ሆፕ የበዛበት ቢራ ዋና ጠላቱ እሱ ነው። ቢራውን ወደ ሁለተኛ ዕቃ ስትገለብጠው አየር ጠጥቷል። የብርቱካኑ መዓዛ ጠፍቶ ካራሜሉ የገነነው አንድም ከዚህ ነው። ከአንዱ ዕቃ አታንቀሳቅሰው፣ ሆፑን እዚያው ላይ ጨምር። ጠርሙስ ውስጥ ስትሞላም ቱቦውን እስከ ታች አስገባ፣ እንዳይንቦጫረቅ።

እርሾ ላይ ብዙ አልልም። ዩኤስ-05 አንድ ፓኬት (11.5 ግራም) ለ20 ሊትር ይበቃል። በ18 ወይም 19 ዲግሪ አስጀምረው፣ ወደ መጨረሻው 20 ወይም 21 ይድረስ። 1.011 አካባቢ ሲያርፍ አልኮሉ 5.4 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ለመጠርመስ ግን አትቸኩል። ሆፕ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች እርሾው የተዋቸውን ስኳሮች ይሰባብሩና መብላላቱ እንደገና ይነሳል። ይህን ሳታውቅ ከጠረመስክ ጋዙ ይበዛል፣ ጠርሙስ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። ድራይ ሆፑ ከገባ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ልዩነት ባላቸው ሁለት ልኬቶች ሃይድሮሜትሩ (የግራቪቲ መለኪያው) አንድ ዓይነት ቁጥር ማሳየት አለበት። ቢራውን ቅመሰውም። ቅቤ ቅቤ ካለ ጥቂት ቀን ጨምርለት። ከዚያ ለ20 ሊትሩ 120 ግራም ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልተህ ጨምር። ጋዙ ተስተካክሎ ይመጣል።

ውሃህን አልነገርከኝም፣ ምሬቱ ግን ከእሱም ሊሆን ይችላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አስወግድ፣ አለዚያ የመድኃኒት ጣዕም ያመጣል። ክሎሪን የሚያጠፋው የካምደን ጽላት ግማሹ ለጠመቃው 30 ሊትር ውሃ ይበቃል። ውሃህ ለስላሳ ከሆነ ለ30 ሊትሩ 8 ግራም ጂፕሰምና 3 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ጨምርበት። ከጂፕሰሙ የሚገኘው ሰልፌት በሊትር ወደ 150 ሚሊግራም ይደርሳል፣ የሆፑ ምሬትም ጥርት ይላል። ማዕድን የበዛበት ውሃ ከሆነ ግን ሳትለካ ምንም አትጨምር። የብቅሉ ዝፍዝፍ ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ከ5.2 እስከ 5.4 መካከል ይሁን። ፒኤቹ ከፍ ካለ፣ በተለይ ብቅሉን የምታጥብበት ውሃ ከ77 ዲግሪ ካለፈ፣ ከገለባው ታኒን ይወጣል። እሱ ምላስ ያደርቃል፣ ብዙ ሰውም ከሆፕ ምሬት ጋር ያምታታዋል።

ከጠመቅከው በኋላ ጋዝ ሲይዝ ፍሪጅ አስገባው፣ ቶሎም ጠጣው። በእነዚህ ቁጥሮች ጠምቀህ አሁንም ጉሮሮህን ከያዘህ የውሃህን የላቦራቶሪ ውጤትና የለካኸውን ፒኤች ላክልኝ። ከዚያ እንቀጥላለን።