ምርጡን አውራ ለፋሲካ አትሽጠው

ጥያቄው ከተሁለደሬ፣ ከሐይቅ አካባቢ የመጣ ነው። «ጋሼ፣ በወረዳችን የግብርና ኤግዚቢሽን ላይ የሐበሻ ዶሮ ይዤ መቅረብ እፈልጋለሁ። ገበያ ስወጣ የማየው ግን ወይ ክልስ ነው ወይ ኮስማና። ጥሩውን ከየት ላግኝ? እንዴትስ ላርባው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። ሁሉም ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች በሚልበት ጊዜ የእናቱን ቤት ዶሮ ላሳይ የሚል ብዙ አይገኝም።

ኮስማናው የበዛው በእኛው ጥፋት ነው። ቀይ፣ ድርብ ኩክኔ (አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ) ያለው፣ ደረቱ የሞላ አውራ ለፋሲካ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ስለዚህ እሱ ተሽጦ ይታረዳል፣ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያጣው ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም የሰፈሩ ጫጩት ሁሉ የኮስማናው ልጅ ይሆናል። እንግዲህ ፍለጋህን በዓል ከመድረሱ ከወራት በፊት ጀምር። ገበያ ሳይሆን ቤት ለቤት ሂድ። የተሻሻሉ ዝርያዎች በየመንደሩ ሲታደሉ ስለኖሩ ከመኪና መንገድ ራቅ በል፤ ወደ አምባሰል ወይም ወደ ወረባቡ ገባ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቡና ላይ እናቶችን ጠይቅ። የትኛዋ ዶሮ ጫጩቶቿን ከጭልፊት አትርፋ እንዳሳደገች በደንብ ያውቃሉ፣ ያቺን እናት ካየህ በኋላ ነው ልጇን የምትገዛው።

ፈረንጆቹ የሚወዳደሩት በተጻፈ መስፈርት ነው። እንግሊዞች በ1865፣ አሜሪካኖች በ1874 እ.ኤ.አ. የየዝርያውን መልክ በመጽሐፍ አትመዋል። የኛ ዶሮ የምትታወቀው ግን ሰው በሚጠራት ስም ነው፦ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ተተርማ፣ ልብወርቅ፣ ጉትያ፣ እባብ ራስ። ከእነዚህ አንዱን ምረጥና ቀለሙን፣ ኩክኔውን፣ የእግሩን መልክ ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ሌላ የሚያምር ብታይም አትቀላቅል። በዚህ ላይ ጥብቅ ካልሆንክ ከሦስት ዓመት በኋላም የምታሳየው ዥንጉርጉር መንጋ ነው።

ስለ ኩክኔ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሁለት ድርቦች አጋብተህ ነጠላ ቢወጣ አትደንግጥ። ድርብነት ነጠላውን ሸፍኖ ይኖራል፤ ወላጆቹ ሁለቱም ነጠላውን ደብቀው ከያዙ ከአራት ጫጩት አንዱ ነጠላ ሊወጣ ይችላል። ነጠላዎቹን ሁሉ ደግሞ አታስወግድ። ከሁለቱም ወላጆቹ ድርብነትን ብቻ የወረሰ አውራ የማዳቀል አቅሙ ደከም ይላል። ነጠላ ኩክኔ ያላቸው ጥቂት ሴቶች መንጋው ውስጥ ይኑሩ።

አንድ አውራ ለ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። አዲሱን አውራ ከማስገባትህ በፊት የድሮውን አውጣ፤ እሱ ከወጣ በኋላም ለ3 ሳምንት ያህል የሚጣለውን እንቁላል ብላው እንጂ ለማስታቀፍ አትያዘው። የድሮው ዘር ሴቷ ሆድ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ይቆያል። የሚታቀፈው እንቁላል ከ7 ቀን በላይ አይደር፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሹሉን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጠው። የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል በደንብ ታቅፋ በ21 ቀን ትፈለፍላለች።

አሁን ወደ ፈንግል፣ መንጋ ወደሚጨርሰው የዶሮ በሽታ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ከገበያ ያየሁት አውራ ውበቱ አስጎምጅቶኝ በዚያው ቀን ከዶሮዎቼ ጋር ቀላቀልኩት። በሳምንቱ አንገታቸው መጠማዘዝ ጀመረ። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ዘር በአሥር ቀን አለቀ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አደራህን፣ የገዛኸውን ሁሉ 3 ሳምንት ለብቻው አቆይ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በየ3 እስከ 4 ወሩም ይደገማል። የቀበሌህን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቅ፣ ጎረቤቶችህንም ይዘህ ሂድ፤ ያንተ ብቻ ቢከተብ የጎረቤት ዶሮ በሽታውን በአጥርህ ታመጣዋለች።

መኖው ላይ ማሽላ ብቻ አትስጥ። ማሽላ ሆድ ይሞላል እንጂ ቢጫውን እግር አያደምቅም። ጎመን፣ አልፋልፋ፣ ቢጫ በቆሎ ጨምርበት። በዘሩ እግሩ ነጭ የሆነው ግን ምን ብትመግበው ቢጫ አይሆንም። ላባ ለማብቀል ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ትንሽ የኑግ ፋጉሎና ምስጥ ይጠቅማል። የሚንከባለሉበት አመድ አይጥፋ፣ ቅማል ያለበት ዶሮ ላባው አያምርም።

ኤግዚቢሽኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳጥን አስለምደው። ማታ ማታ በእጅህ ያዘው፣ ደረቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፤ ያልለመደ ዶሮ ሰው ሲከበው ይበረግግና ጅራቱን ይሰብራል። ከሦስት ቀን በፊት ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠበው፣ ብርድ ሳይመታው አድርቀው፣ ኩክኔውንና እግሩን በጣም ትንሽ ቅባት አብስለት። ስትወስደው እግሩን አስረህ ቁልቁል አታንጠልጥለው። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ወይም ቅርጫት ይበቃል። ስትመለስም እንደ እንግዳ ቁጠረውና 3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

በዚያ ቀን አውራውን እንሽጥ እንግዛ የሚልህ ይበዛል። ዋጋውም ያማልላል። ሴቶቹ ከእሱ ጋር የጣሉትን እንቁላል ሽጥላቸው፣ እሱን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ።