ሙስሊም ጎረቤቶቼን እንዴት ልቅረባቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በሐዘንም በደስታም ሳንለያይ ለብዙ ዓመታት ኖረናል። በቅርቡ ግን አንድ ወንድም «ቁርኣን አይሁድንና ክርስቲያኖችን ወዳጅ አድርጋችሁ አትያዙ ስለሚል ፍቅራቸው ከአንገት በላይ ነው» አለኝ። እውነት ነውን? ለአረፋ ሲጠሩኝስ ልሂድ?

መልስ፦ ወንድምህ የጠቀሰው ቃል በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ቁጥር 51 በእርግጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ አንዲት መስመር መዝዞ በሰው ልብ ላይ መፍረድ፣ ጌታችን «ሰይፍን እንጂ ሰላምን ለማምጣት አልመጣሁም» ያለውን ብቻ ነጥለው ሲጠቅሱብን እኛው የምናዝንበት አሠራር ነው።

ጠበሪን የመሰሉ የቀደሙ የእስልምና ተርጓሚዎች ስለዚህ ቃል ከሚያቀርቧቸው ታሪኮች አንዱ በመዲና የሆነ ነው። መሐመድና ተከታዮቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ622 ወደዚያች ከተማ ከተሰደዱ በኋላ፣ ከአይሁድ ነገዶች ጋር የነበረው ስምምነት ፈርሶ ነገሩ ወደ ጦርነት ሲያመራ፣ ከነገዶቹ ጋር የቆየ ቃል ኪዳን የነበራቸው ሰዎች ወገናቸውን መለየት ግድ ሆነባቸው፤ ዑባዳ ኢብን አስ-ሳሚት ቃል ኪዳኑን ሲተው ዐብዱላህ ኢብን ኡበይ ግን አልተውም እንዳለ ይተርካሉ። በዚህ አረዳድ ክልከላው በጦርነት ጊዜ ለማን መወገን እንደሚገባ የተነገረ እንጂ ቡና አብሮ ስለ መጠጣት አይደለም። ያው የአል-ማኢዳ ምዕራፍ በቁጥር 5 የመጽሐፉን ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድንና የክርስቲያኖችን፣ ምግብ መብላትንና ጥብቅ ሴቶቻቸውን ማግባትን ይፈቅዳል፤ ሚስቱን እንዳይወድ የታዘዘ ባል ይኖራል ብሎ ማሰብ ለእኔ ይከብደኛል። በቁጥር 82 ደግሞ ለአማኞች በፍቅር የሚቀርቡት «እኛ ክርስቲያኖች ነን» የሚሉት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ቀሳውስትና መነኮሳት እንዳሉ ይናገራል፤ ይህን ቃል ከመካ ሸሽተው ወደ አገራችን የመጡትን የመሐመድ ተከታዮች በአክሱም ከተቀበለው ንጉሥና ከሰዎቹ ጋር የሚያያይዙ ተርጓሚዎች አሉ። አል-ሙምተሒና ቁጥር 8ም በሃይማኖት ምክንያት ላልተዋጓቸውና ከአገራቸው ላላስወጧቸው ሰዎች በጎ መዋልንና ፍትሕ ማድረግን አይከለክልም።

ይህን ስል ሁሉም ሙስሊም ሊቃውንት እንዲህ ይረዱታል ማለቴ አይደለም። ቁጥር 51ን አስፍተው ከክርስቲያን ጋር መቀራረብን የሚያጠብቁ አሉ፤ አት-ተውባ ቁጥር 29ም ከመጽሐፉ ሰዎች የማያምኑትን ጂዝያ የተባለውን ግብር እስኪሰጡ ድረስ እንዲዋጓቸው ያዛል። ጎረቤትህ የትኛውን አረዳድ እንደያዘ ግን የኖርክበት አንተ ከነገረህ ሰው የተሻለ ታውቃለህ።

የሃይማኖቱ ልዩነት በጉርብትና አይሸፈንም። አን-ኒሳእ በቁጥር 171 «ሦስት ናቸው አትበሉ» ይላል፣ በቁጥር 157 ስቅለቱን ይክዳል፤ እኛ ደግሞ በምሥጢረ ሥላሴና በመስቀሉ ቤዛነት እንድናለን። ቢጠይቅህ ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳዘዘው በየዋህነት መልስ፤ ካልጠየቀህ በማዕድ ላይ ክርክር አታንሣ።

ለአረፋው «እንኳን አደረሳችሁ» ብለህ ሂድ፤ በጸሎታቸው ግን አትተባበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት እነርሱ የባረኩትን ሥጋ አንበላም፤ የአገራችን ሙስሊሞችም፣ ቁርኣናቸው የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ቢፈቅድም፣ በአብዛኛው በክርስቲያን የታረደ አይበሉም። ሁለቱም ወገን ይህን ስለሚያውቅ ማንም አይቀየምም። ዳቦና ቡና ይበቃል፤ እርሱም ለትንሣኤ ሲመጣልህ ሥጋና ጠላ ካላቀረብኩ ብለህ አታስጨንቀው።