መኪናዬን ዝቅ ባደርጋት በሕግ እጠየቃለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ2022 ቶዮታ ጂአር86 አለኝ። ብድሩ ገና አላለቀም፣ ታይትሉም ኢንሹራንሱም በአባቴ ስም ነው። መኪናዋን አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ላደርጋት አስቤ ሞላና ሾክ (የሞላውን መዝለል የሚያረግበውን ዕቃ) ሳፈላልግ፣ ከታወቀ ድርጅት ብገዛ ሁሉም ተደምሮ ወደ 1,000 ዶላር እንደሚጠጋ አየሁ። ጓደኛዬ «ለምን ገንዘብ ታባክናለህ፣ ያለውን ሞላ በግራይንደር (በብረት መቁረጫ) ቆርጠን እዚሁ ድራይቭዌይ ላይ እንጨርሰዋለን» ይለኛል። የዲለሩ ሠራተኛ ደግሞ «ሞላና ሾክ ከቀየርክ ዋራንቲህ በሙሉ ይሰረዛል» አለኝ። አባቴም አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍለንም ብሎ ፈርቷል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ዝቅ ማድረግ በራሱ አልተከለከለም፤ ገደብ ግን አለው። የዲለሩን ሠራተኛ አትመነው። የጓደኛህን ግራይንደር ደግሞ ከመኪናዋ አርቅልኝ። አባትህ የፈራው ነገር ግን በከፊል ልክ ነው፣ እንዲያውም ዋናው አደጋ እሱ ካሰበው ቦታ ሌላ ነው ያለው። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ እዚህ የምጽፍልህ ግን አጠቃላይ ምክር ነው፤ ቲኬት ወይም ክስ ከመጣ ወረቀቱን ይዘህ ጠበቃ ጋ መሄድ አለብህ።

መጀመሪያ ሕጉ። የቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 46.2-1063 ሱስፔንሽን፣ ማለትም ሞላና ሾክ ያሉበትን መኪናዋን የሚሸከም ክፍል፣ ስለመቀየር ይናገራል። የቤት መኪና ከፍታዋ ተቀይሮ ባምፐሯ ከመሬት ከ14 እስከ 22 ኢንች ካለው ውጪ ከሆነ መንገድ ላይ መንዳት አይቻልም። ይህን ሰምተህ ደንግጠህ ሜትር ይዘህ አትሩጥ፤ የዛሬ መኪኖች የፊት ፕላስቲክ ከ14 ኢንች በታች የሚወርድ ብዙ ነው። ሕጉ የሚለካው ከፕላስቲኩ ሳይሆን ከዋናው አግድም የባምፐር ብረት የታችኛው ጠርዝ ነው። ስለዚህ ከመቀየርህ በፊት መካኒኩ ብረቱ የት እንዳለ ያሳይህ፣ ለካው፣ ፎቶ አንሳው። ከተቀየረ በኋላም እንደዚያው አድርግ።

ያው ሕግ ሌላም ይጨምራል። የመኪናዋ አካል ወይም ሻንሲ መሬት እንዲነካ፣ የነዳጅ ታንኩ ለግጭት እንዲጋለጥ፣ ወይም በደንበኛ አነዳድ ጎማው ከቦዲው ጋር እንዲፋተግ አድርጎ መቀየር ክልክል ነው። አንድ ኢንች ዝቅ ያለች መኪና በትክክለኛ ሞላና ሾክ እዚህ ውስጥ አትገባም። ሞላው በግራይንደር የተቆረጠባት ግን ጉድጓድ ሲያጋጥማት ክልከላው ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች፤ ሞላው ያጥርና ሾኩ ለእሱ ስላልተሠራ መኪናዋ ትዘላለች፣ መንኮራኩሩ ተንጠልጥሎ ሲወርድ ደግሞ ሞላው ከመቀመጫው ሊንሸራተት ይችላል። አይባክ የሚባለው ድርጅት ሞላዎቹን ለየመኪናው ዓይነት ነው የሚያወጣው፣ ኮኒና ቢልስታይን የሚባሉትም ሾክ ሲሠሩ እንደዚያው። ዕቃው የአንተ ሞዴል ተብሎ ተጽፎበት ከመጣ ያቺ ወረቀት ለእኔ ለጠበቃው ከዕቃው እኩል ዋጋ አላት። ለተቆረጠ ሞላ ወረቀት የሚሰጥህ የለም።

ኢንስፔክሽን፣ ማለትም የመኪና ደህንነት ምርመራ፣ ያን ያህል አያስጨንቅህ። በየዓመቱ 20 ዶላር ከፍለህ የምታሠራው ነው። የፊት መብራቱ አቅጣጫ ይታያል፤ የመኪናዋ ፊት ከኋላዋ በላይ ዝቅ ካለ መብራቱ መስተካከል አለበት። ጎማም ይታያል። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ካላሠራህ ጎማው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ የውስጠኛው ጠርዝ ሳታየው ያልቅብሃል። ቢወድቅብህ የሚለጠፍልህ ስቲከር 15 ቀን ጊዜ ይሰጥሃል፣ አስተካክለህ ትመለሳለህ።

ዋራንቲውን በተመለከተ ሠራተኛው ያለህ ነገር በአሜሪካ ብዙ ሰው የሚፈራበት፣ ግን ሕጉ የማይደግፈው ነገር ነው። ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ። አምራቹ የራሱን ዕቃ በነፃ ካልሰጠህ በስተቀር «የኔን ዕቃ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይቀራል» ሊልህ አይችልም። ዋስትና የሚከለክልህ የገጠምከው ዕቃ ጉዳቱን ማድረሱን ካሳየ ብቻ ነው። ሞላ ቀይረህ ሬዲዮው ቢበላሽ ወይም ትራንስሚሽኑ ቢያስቸግር ሞላው ምን አገባው? ሾክ፣ ቡሽንግ (በመጋጠሚያዎች መካከል ያለው ጎማ)፣ የጎማ ቤሪንግ ቢበላሽ ግን እንዲያከራክርህ ተዘጋጅ፣ እዚያ ላይ አምራቹ ሊረታህ ይችላል። በነገራችን ላይ የቶዮታ ዋናው ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ የሞተሩና የትራንስሚሽኑ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል። መኪናዋ የ2022 ስለሆነች ሰውዬው ያስፈራራህ ምናልባት ጊዜው ባለፈበት ዋስትና ይሆናል። ለማንኛውም እምቢ የሚልህ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ በለው። በቃል ብቻ ደፋር የሆነው ሁሉ ወረቀት ሲጠየቅ ድምፁ ይለሰልሳል።

አሁን ወደ አባትህ ስጋት ልምጣ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ለተጎጂ ከባድ የሆነ ደንብ አላቸው፤ ኮንትሪቢዩተሪ ኔግሊጀንስ ይባላል። ሌሎች ብዙ ግዛቶች ለአደጋው 10 በመቶ ጥፋት ካለብህ ካሳህን በ10 በመቶ ይቀንሱታል። ቨርጂኒያ ላይ ግን አንተም ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረገ ትንሽ ጥፋት ካለብህ ምንም ላታገኝ ትችላለህ። ዜሮ። አንድ ሰው ዱክ ስትሪት ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ መንገድህን ዘግቶ ገጨህ እንበል። ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ፖሊሱም እሱን ቲኬት ሰጠው፣ አንተም ሐኪም ቤት ገብተህ ወጣህ። ከዚያ የእሱ ኢንሹራንስ ሰው መጥቶ መኪናህን ፎቶ ያነሳል። ሞላው ተቆርጦ ያገኘዋል። ወዲያው «መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ስለዘለለች ነው መቆም ያልቻለችው» የሚል ክርክር ይዞ ይመጣል። ባምፐሩም ከ14 ኢንች በታች ሆኖ ከተገኘ ሕግ መጣሱ በራሱ እንደ ቸልተኝነት ሊቀርብብህ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ያ ነገር ለአደጋው ምክንያት ከሆነ ነው፤ ቀይ መብራት ላይ ቆመህ ከኋላ ቢገጩህ ሞላህ ምን ዓይነት እንደሆነ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። እነሱ ግን መሞከራቸው አይቀርም። ያኔ የሚያድንህ ደረሰኙ፣ የአላይመንቱ ውጤት የታተመበት ወረቀትና ከለውጡ በኋላ ያለፍከው ኢንስፔክሽን ነው። እነዚህ በእጄ ካሉ ክርክሩ ቀላል ነው። ጓደኛህ ድራይቭዌይ ላይ የሠራው ሥራ ሲሆን ምን ይዤ ነው የምከራከረው?

የራሳችሁ ኢንሹራንስስ? በፖሊሲው ላይ የተጨመረ ዕቃ ካልተመዘገበ ብዙ ጊዜ ዋጋው አይከፈልም፣ ወይም ትንሽ ገደብ አለው። ለሌላው ሰው ጉዳት የሚከፍለው ክፍል በሞላ ምክንያት ብቻ እንዲሁ አይጠፋም። ችግር የሚመጣው ተጠይቃችሁ «መኪናዋ አልተቀየረችም» ብላችሁ ቅጽ ከሞላችሁ ነው። አባትህ ለኩባንያው አጭር ኢሜይል ይጻፍ፦ ሞላና ሾክ ቀይረናል፣ ይህ ዕቃ ነው፣ ሽፋኑን ንገሩን። መልሱን ያስቀምጥ። ስልክ አይደለም ያልኩት፣ ኢሜይል። ዋጋ ቢጨምሩም ጭማሪው ስንት እንደሆነ ዕቃውን ከመግዛትህ በፊት ብታውቀው ይሻላል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለግክ ከዕቃው ሳይሆን ከጊዜው ቆጥብ። ዘንድሮ አጠራቅም፣ ሞላና ሾኩን አንድ ላይ ግዛ፤ ሞላ ዛሬ ገዝተህ ሾክ ለመጪው ዓመት ካልክ የእጅ ዋጋና አላይመንት ሁለት ጊዜ ትከፍላለህ፣ የድሮው ሾክም በአጭር ሞላ ላይ ቶሎ ይደክማል። ፈቃድ ያለው ጋራዥ ስትገባ ግምቱን በጽሑፍ ጠይቅ። ቨርጂኒያ ውስጥ በጽሑፍ ግምት ከጠየቅክ ሳያስፈቅዱህ ከግምቱ ከ10 በመቶ በላይ ሊያስከፍሉህ አይችሉም። የወለቁትን ሞላና ሾኮችም ውሰዳቸው፣ ጋራዡ ጋ አትተዋቸው። ነገ ለመሸጥ ብታስብ፣ በተለይ ለሜሪላንድ ሰው ከሆነ ባለቤትነት ሲዛወር እዚያ ኢንስፔክሽን ስለሚጠየቅ፣ የድሮውን መልሰህ መግጠም ሊያስፈልግህ ይችላል። ጋራዡ አበላሽቶብህ አልስተካከልልህም ካለ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ጠበቃ በስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክርክር በሚታይበት ፍርድ ቤት) መክሰስ ትችላለህ።

የረሳኸው አንድ ነገር ብድሩ ነው። ብዙ የመኪና ብድር ውሎች መኪናዋን ያለ አበዳሪው ፈቃድ እንዳትቀይር የሚል አንቀጽ አላቸው። አባትህ ነው የፈረመው፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ውሉን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡ። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካገኛችሁ ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ለአበዳሪው የሚጻፈውን ደብዳቤ አብረን እናያለን።