ሉክሰምበርግ ወይስ ማልታ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች ሁለት ትንንሽ የአውሮፓ አገሮችን የሚመለከቱ ናቸው። የሁለቱ ሕዝብ ቢደመር የአዲስ አበባን ግማሽ አይሞላም። ሆኖም ሥራ ፈላጊውም፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪውም፣ ዓረብ አገር ሆኖ ወደ አውሮፓ የሚያማትረውም እነዚህኑ ሁለቱን ያነሣል።

ጥያቄ፦ በየሰንጠረዡ ሉክሰምበርግ በነፍስ ወከፍ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት። ማልታ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አማካይ አካባቢ ናት። እውነት አንድ ሉክሰምበርጋዊ ከማልታ ሰው ከሁለት እጥፍ በላይ የተሻለ ኑሮ ይኖራል ማለት ነው? (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ከአካፋዩ ነው። ነፍስ ወከፍ ሲባል በአገሩ የተመረተው ሁሉ በአገሩ ለሚያድረው ሰው ይካፈላል። ሉክሰምበርግ ውስጥ ደግሞ ቀን የሚሠራውና ሌሊት የሚያድረው አንድ ሕዝብ አይደለም። ነዋሪው 680 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ከ220 ሺህ በላይ ሠራተኛ ጧት ከፈረንሳይ፣ ከጀርመንና ከቤልጂየም ገብቶ ማታ ይመለሳል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ፈረንሳይ ይኖራሉ። በአጠቃላይ ከደመወዝተኛው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድንበር ተሻጋሪ ነው።

በወረቀት ላይ ይሞክሩት። አንዲት ከተማ 100 ነዋሪ አላት፤ 50ው ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ በዓመት 100,000 ዩሮ ያመርታል። የነፍስ ወከፉ 50,000 ይሆናል። አሁን ከጎረቤት ከተማ 45 ሰው እየተመላለሰ እንደዚያው ይሥራ። ምርቱ 9.5 ሚሊዮን፣ አካፋዩ ያው 100፣ ነፍስ ወከፉ 95,000። የአንድም ነዋሪ ኪስ ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም።

በዚህ ላይ ትርፍ አለ። ሉክሰምበርግ በኢንቨስትመንት ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የሚሠራበት ቋት) መቀመጫነት ከአሜሪካ ቀጥላ የምትጠራ ናት፤ እዚያ የተመዘገበው ሀብት ከ5 ትሪሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ገንዘቡ የሌላ አገር ሰው ነው፤ ትርፉም ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከአጠቃላይ የሀገር ውስጥ ምርት ይልቅ አጠቃላይ ብሔራዊ ገቢውን፣ ማለትም ለአገሩ ነዋሪ የሚደርሰውን ማየት ይሻላል። በሉክሰምበርግ ብሔራዊ ገቢው የሀገር ውስጥ ምርቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ከሁሉም የሚሻለው መለኪያ ቤተሰብ በእውነት የሚጠቀመውን የሚለካው፣ መንግሥት በነፃ የሚሰጠውን ትምህርትና ሕክምናም የሚያካትተው ‹‹ትክክለኛ የግለሰብ ፍጆታ›› ነው። በዚህ ሲለካ ሉክሰምበርግ ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ ከሲሶ በላይ ትበልጣለች፤ ማልታ ከአማካዩ ዝቅ ትላለች። ልዩነቱ አለ፤ ሰንጠረዡ የሚያጋንነውን ያህል ግን አይደለም።

ማልታም የራሷ ወጥመድ አላት። በ2011 ቆጠራ (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) 417,432 የነበረው ነዋሪ በ2021 519,562 ደርሷል፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የውጭ ዜጋ ነው። ሰው ሲጨመር ጠቅላላው ምርት ያድጋል፤ ነፍስ ወከፉ ግን በዚያው ልክ አይከተልም። 316 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ የሚፈሰው ውኃ፣ የሚጋጋለው ኤሌክትሪክና የሚጨናነቀው መንገድ ደግሞ ያው ነው። በሐምሌ 2023 ሙቀቱ ሲበረታ ከመሬት በታች የተቀበሩት ኬብሎች እየተቃጠሉ ብዙ መንደሮች ለቀናት ያለ መብራት ቆይተዋል። ዕድገቱን በመቶኛ የሚያነብ ሰው ይህን አያገኘውም። የግብሩም ነገር አለ፦ በሕጉ የኩባንያ ግብር 35 ከመቶ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ከተከፈለው ስድስት ሰባተኛውን ማስመለስ ስለሚችል በተግባር ወደ 5 ከመቶ ይወርዳል። በበይነ መረብ የቁማር ሥራ የተሰማሩት ኩባንያዎች ደሴቷን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ በዝቅተኛ ደመወዝ የት ይሻላል? የቤት ኪራይስ? (አንባቢ፣ ፍራንክፈርት)

በሰዓት ያስሉት፤ በወር ማወዳደር ያሳስታል። በግንቦት 2025 በሉክሰምበርግ ሙያ ለሌለው ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 2,703.74 ዩሮ ነበር። ለወሩ 173 የሥራ ሰዓት ሲካፈል 15.63 ይሆናል። የሙያ ማረጋገጫ ያለው 20 ከመቶ ይጨመርለታል። ይህን ጭማሪ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ የምስክር ወረቀቱን ካላቀረቡ አሠሪው ራሱ ፈልጎ አይሰጥዎትም። በማልታ የ2025 ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት 221.78 ዩሮ ነበር፤ በ40 ሰዓት ሲካፈል 5.54። ሁለቱም ገና ያልተጣራ ነው።

በማልታ ከደመወዙ በተጨማሪ በሕግ የሚከፈል ጉርሻ አለ፦ በሰኔና በታኅሣሥ 135.10፣ በመጋቢትና በመስከረም 121.16 ዩሮ። በዓመት 512.52 ይሆናል። የሥራ ውሉ ላይ ‹‹ጠቅላላ ክፍያ›› ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ይህን ቀድሞ ያካተተ እንዳይሆን ይጠይቁ፤ ደላላ ደመወዙን ከፍ አድርጎ የሚያሳይበት አንዱ ዘዴ ነው። በሉክሰምበርግ የ13ኛ ወር ደመወዝ ግዴታ አይደለም፤ በምትኩ የዋጋ ጠቋሚው 2.5 ከመቶ በጨመረ ቁጥር ደመወዝ ሁሉ በሕግ በ2.5 ከመቶ ያድጋል። አሠሪዎች ያጉረመርማሉ፤ ሠራተኛው ግን የኑሮ ውድነትን ብቻውን አይሸከምም። በእኛ ግምት ሁለቱን አገሮች ከሚለዩት ነገሮች ትልቁ ይኸው ነው።

አሁን ኪራይ። ሉክሰምበርግ ከተማ አንድ መኝታ ቤት 1,500 ዩሮ ገደማና ከዚያ በላይ ይጠየቅበታል። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ መያዣው ከሁለት ወር ኪራይ ማለፍ አይችልም፤ የኤጀንሲውን ክፍያ ደግሞ አከራይና ተከራይ እኩል ይካፈሉታል። አሁንም ሦስት ወር የሚጠይቅ አለና ሕጉን ይጥቀሱለት። በማልታ ስሊማና ሴንት ጁሊያንስ አካባቢ አንድ መኝታ ከ1,000 ዩሮ ከፍ ይላል። የማልታን ዝቅተኛ ደመወዝ በወር ቢያሰሉት ከነጉርሻው 1,000 ዩሮ ገደማ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ደመወዝ ብቻውን የሚከራይ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ተጋርቶ መኖር ነው።

ከማልታ ኪራይ ጋር ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ውሉ በቤቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ ከጥር 2020 ወዲህ ያልተመዘገበ ውል ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ፎርም ኤች የሚባለውን ወረቀት አከራዩ ይፈርምልዎት። ይህ በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች ቁጥር ለመብራትና ውኃ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ካልተፈረመ ቤቱ እንደ ባዶ ቤት በውዱ ታሪፍ ይቆጠርና ክፍያው ያለ አጠቃቀምዎ ያብጣል። ክረምቱንም አይናቁት። የአብዛኛው ቤት ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ማሞቂያ የለውም፣ ሻጋታ ያወጣል። ሲያዩት ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጅዎ ይንኩት።

ከፍራንክፈርት ስለጻፉ አንድ ነገር እንጨምር። የጀርመን ዜግነት ካለዎት ድንበር አጠገብ ባለችው የጀርመን ከተማ ትሪር ኖረው ሉክሰምበርግ መሥራት ይችላሉ፤ ኪራዩ በብዙ ይቀንሳል። ቤትዎ ሆነው የሚሠሩት ቀን በዓመት ከ34 ካለፈ ግን ለእነዚያ ቀናት ግብሩ ወደ ጀርመን ይዞራል። በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በሉክሰምበርግ የመኖሪያ ካርድ ብቻ የሚኖር ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ካርዱ ትሪርም ሆነ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለችው ቲዮንቪል ቤት ይዞ የመኖር መብት አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አቡ ዳቢ ሆኜ ለማልታ ሆቴል ሥራ ‹‹የሂደት ክፍያ›› ተጠየቅሁ። ልክፈል?

ለደላላ አይክፈሉ፣ እህታችን። ማልታ ውስጥ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ገንዘብ መቀበል ሕግ ይከለክለዋል፤ ፈቃድም ያስፈልገዋል። ለመንግሥት የሚከፈል የማመልከቻ ክፍያ ሌላ ነው፤ እሱም ደረሰኝ አለው። ማመልከቻውን የሚያስገባው አሠሪው ስለሆነ ከማንኛውም ነገር በፊት የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ የሥራ ቦታውንና የተፈረመ ውል ይጠይቁ። ሲንግል ፐርሚት የሚባለው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ የአሠሪውና የሥራው ዓይነት ተጽፎበት ይወጣል፤ አሠሪ መቀየር አዲስ ማመልከቻ ይጠይቃል። ‹‹ግቢና ከዚያ ትቀይሪያለሽ›› የሚልዎት ሰው ይህን ሳያውቅ አይደለም። ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሥራ ስኪልስ ፓስ የሚባል የክህሎት ማረጋገጫም ስላለ እንግሊዝኛዎን አስቀድመው ያበርቱ።

በሉክሰምበርግ መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ጥርት ያለ ነው። አሠሪው ክፍት ቦታውን ለመንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ያሳውቃል፤ ተስማሚ ሰው ካልተገኘ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሠራተኛው አገሩ ሳለ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያመለክታል። ከገባ በኋላ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ በኮሚዩኑ (በማዘጋጃ ቤቱ) ይመዘገባል፣ የቲቢ ምርመራን ጨምሮ የጤና ምርመራ ያደርጋል፣ በሦስት ወር ውስጥ ካርዱን ይጠይቃል። ቱሪስት ሆኖ ገብቶ እዚያው ማመልከት ማመልከቻውን ያስጥላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሉክሰምበርግ ሥራ አግኝቷል። ልጆቻችን 4 እና 9 ዓመታቸው ነው። ትምህርት በምን ቋንቋ ነው?

በሦስት። ትንሿ ዕድለኛ ናት፦ በ4 ዓመት የሚጀምረው ግዴታ ትምህርት በሉክሰምበርግኛ በጨዋታ ስለሚሰጥ ትለምደዋለች። ከ6 ዓመት ጀምሮ ንባብና ሒሳብ በተለምዶ በጀርመንኛ ነው፤ ቀጥሎ ፈረንሳይኛ ይገባል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ብዙው ትምህርት ወደ ፈረንሳይኛ ይዞራል። የሚከብደው ለ9 ዓመቱ ነው። ሒሳብ የሚችል ልጅ ጥያቄው በጀርመንኛ ስለተጻፈ ብቻ ይወድቃል፤ በ12 ዓመቱ ገደማ ደግሞ ወደ የትኛው የሁለተኛ ደረጃ ዘርፍ እንደሚሄድ ይወሰንበታል። የፖርቱጋል ስደተኞች ልጆች ለዓመታት የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

መውጫው በ2016 በዲፈርዳንጅ ከተማ የተጀመሩት የመንግሥት የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ነፃ ናቸው፤ ዋናውን ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ ማድረግ ይቻላል። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ቤት ከመከራየትዎ በፊት ያመልክቱ። ወላጆችም ቋንቋውን አይተዉት፦ ለዜግነት 5 ዓመት መኖርና የሉክሰምበርግኛ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ መናገሩ በኤ2 (ጀማሪ)፣ ማዳመጡ በቢ1 (መካከለኛ) ደረጃ ነው። በማልታ ዜግነት በአብዛኛው በሚኒስትሩ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ዓመት ቆጥሮ መብት ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ የማልታ ቋንቋ ከአማርኛ ጋር ይዛመዳል ይባላል። ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። ማልትኛ ሴማዊ ነው፤ ከሰሜን አፍሪካና ከሲሲሊ ዓረብኛ የወጣ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ቋንቋዎች ብቸኛው ሴማዊ። ከመዝገበ ቃላቱ ግማሹ በላይ ከጣሊያንኛና ከሲሲሊኛ የመጣ ስለሆነ መንገድ ላይ ሲሰሙት ጣሊያን ይመስልዎታል። አጥንቱ ግን የኛ ዘመድ ነው። ራስ ራስ ነው፤ ደም ዴም፣ ሞት መውት፣ ስም ኢሴም፣ ልሳን ልሲን። ቁጥሩን ይስሙ፦ ኤርባ፣ ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሴባ፣ ትሚንያ። ግዕዝ ቆጥሮ ያደገ ሰው አርባዕቱና ሰብዓቱ ይታወሱታል። የሚያስቅም አለ፦ ‹‹ቤይት›› ማልታ ውስጥ ጣሪያ ነው፤ ቤቱ ‹‹ዳር›› ይባላል።

ሕዝቡ በአብዛኛው ካቶሊክ ሆኖ እግዚአብሔርን ‹‹አላ›› ይላል፤ የፋሲካ ጾሙን ደግሞ ረመዳን ከሚለው በመጣ ቃል ‹‹ራንዳን››። ሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ጳውሎስ መርከብ ተሰብሮበት የወጣባት መላጥያ ይህችው ደሴት ናት። የካቲት 10 በፈረንጆች የመርከብ መሰበሩ በዓል ተብሎ ሥራ ይዘጋል። በበጋ እያንዳንዱ መንደር የደብሩን ቅዱስ ያነግሣል፤ ርችት፣ የናስ ሙዚቃ፣ ምስሉን ተሸክሞ ዑደት። በብዙ መንደሮች ሁለት ተፎካካሪ የባንድ ክበብ ስላለ የማን ርችት ይበልጣል የሚለው ክርክር ዓመቱን ሙሉ አያልቅም። ታቦት አጅቦ ያደገ ሰው እዚያ ባዕድነት አይሰማውም፤ ጫጫታ የማይወድ ግን ከደብሩ አጠገብ አይከራይ።

ሉክሰምበርግ በዚህ በኩል ዝምተኛ ናት። በኤክተርናክ ከተማ ከጰራቅሊጦስ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ምእመናን በነጭ መሐረብ ተያይዘው እየዘለሉ የሚሄዱበት ዑደት አለ፤ ነሐሴ መጨረሻ የሚከፈተው የሹበርፎወር ባዛርም ከ1340 ጀምሮ የነበረ ነው። በቀረው ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ቢሮው ባዶ፣ ባቡሩ ሙሉ ነው።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ በሁለቱም አገር ነፃ ነው?

በሉክሰምበርግ ከመጋቢት 2020 ወዲህ አውቶቡስ፣ ትራምና ባቡር ለማንም ነፃ ነው፤ ባቡር ላይ አንደኛ ማዕረግ ብቻ ይከፈልበታል። ድንበሩን ሲሻገሩ ቲኬት ይግዙ። በማልታ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ነፃ የሆነው ታሊንያ የሚባል በስምዎ የወጣ የአውቶቡስ ካርድ ካለዎት ነው። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ይከፍላሉ፤ በጥድፊያ ሰዓት ደግሞ ከመኪናው ብዛት የተነሣ አጭር መንገድ በእግር ይቀድማል።