ልስን ለጀማሪ፦ ጠይቁኝ፣ እስኪመሽ እመልሳለሁ

የምኖረው አቃቂ ጫፍ ነው። ሰፈሩ ግማሹ ይገነባል፣ ግማሹ ይለስናል። እኔም ሃያ ዓመት ገደማ የግንበኛ ማንኪያ ይዣለሁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የባለሙያ ዋጋ ሰምታችሁ «ራሴ እሞክረዋለሁ» ያላችሁ ጠይቁ።

ጋሼ፣ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ውህዱ ስንት በስንት ይሁን?

1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ። በአካፋ አትለካ፣ አካፋ ይዋሻል። በአንድ ባልዲ ለካ። ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ይበቃል፣ ኦፒሲውን (መደበኛውን ሲሚንቶ) ለኮንክሪት ተወው። 10 ካሬ ሜትር ግድግዳ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስትለስን ከአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ትንሽ ይበልጥብሃል።

በአንድ ሰዓት የምትጨርሰውን ብቻ አቡካ። ጀማሪ ሳለሁ ምሳ ልበላ ሄጄ ስመለስ ውህዱ ጠጥሯል። ማንም አላየኝም ብዬ ውሃ ጨመርኩበትና ለሰንኩ። በወሩ ባለቤትየው ግድግዳውን በመዳፋቸው ጠረግ ሲያደርጉት እንደ ሽሮ ዱቄት ረገፈ። በነጻ ደግሜ ሠራሁላቸው።

አሸዋው ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ? ሻጩ «የላንጋኖ ነው» ይላል።

ሁሉም የላንጋኖ ነው ይላል! የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰጂ። እስከ ግማሹ አሸዋ፣ ከላይ ውሃ። በደንብ ናጪውና አስቀምጪው። አፈሩ ከአሸዋው በላይ ተለይቶ ይተኛል። ውፍረቱ ከአሸዋው ውፍረት 6 በመቶ ካለፈ ወይ ታጠቢዋለሽ ወይ ትመልሽለታለሽ። ለልስን ደግሞ መንፋት የግድ ነው።

የለሰንኩት በሳምንቱ ተላጦ ወደቀ። ምን አጠፋሁ?

ግድግዳውን ውሃ አጠጥተኸው ነበር? ደረቅ ብሎኬት የልስኑን ውሃ ይመጠዋል፣ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይቀራል። አቧራውን ጥረግ፣ ዋዜማውን አርጥብ፣ ጠዋት ደግመህ እርጨው። ግን ውሃ እየወረደበት አትጀምር።

መጀመሪያ ቀጠን ያለ ውህድ በማንኪያ እየወረወርክ ርጭት ምታ። ሻካራ ይሁን፣ አታለስልሰው። ቀጣዩ ልስን የሚይዘው እሱን ነው። በማግስቱ በቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ልኩን አውጣና ሁለተኛውን ምታ። ቀጥ ያለ ጣውላ ከታች ወደ ላይ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ ሳብ። ከዚያ ታገስ። አውራ ጣትህን ስትጫነው አሻራህ ቀርቶ ጭቃው ካልተጣበቀብህ፣ ያኔ ማለስለሻውን አንሳ። ቀድመህ ካሸኸው ይሰነጠቃል።

አልቆም ውሃ ይፈልጋል። 7 ቀን፣ ጠዋትና ማታ። የበጋ ፀሐይና ነፋስ ካለ እርጥብ ጆንያ አልብሰው።

የእናቴ ቤት ጭቃ ነው፣ ሱሉልታ። በሲሚንቶ ልለስንላት?

ባትለስኚው ደስ ይለኛል። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ሲሚንቶ እንደሱ አይታዘዝም። ይለያይና እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ጭቃውን ከጭድ ጋር እየረገጣችሁ ለቀናት አቡክታችሁ ለስኑት። እናትሽ ከኔ በላይ ሳያውቁት አይቀሩም፣ እሳቸውን ጠይቂ። የግድ ሲሚንቶ ካላችሁ የዶሮ ሽቦ በምስማር ምቱበት።

ኮርኒሱንስ? የኮንክሪት ጣሪያ ነው።

በኮርኒስ አትጀምር። አንገትህ ይቀጫል፣ ግማሹ ውህድ ፊትህ ላይ ይወርዳል። ቆርጠህ ከተነሳህ ለስላሳውን ኮንክሪት በመሮ እየመታህ አሻክረው፣ ርጭት ምታ፣ ከላዩ ስስ ልስን ብቻ። ወፍራም ልስን ክብደቱ ራሱን ያወርደዋል። መነጽር አድርግ። ጂፕሰም ቀላል ነው፣ ግን ቶሎ ይደርቃል፤ መታጠቢያ ቤት አታስገባው።

ከመስኮቱ ጥግ ሰያፍ ስንጥቅ ወጣ። ደፍኜ ልለስነው?

ሰፈርህ ጥቁር አፈር ነው? እኛ ጋ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። በስንጥቁ ላይ ቀን ጽፈህ በእርሳስ ጫፉን ምልክት አድርግ። ካደገ ልስን አያድነውም፣ መሐንዲስ ይየው። ካላደገ ሰፋ አድርገህ ፈልቅቀህ፣ ሽቦ ለጥፈህ ልትሞላው ትችላለህ።

ቀለም መቼ?

ቢያንስ አንድ ወር።

እጄ ተቃጠለ፣ ሲሚንቶ ነው?

ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጠቢ። ቆዳው ከተነሳ ወይም ዓይን ከገባ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ነገ የጎማ ጓንት ግዢ።

ባለቤቴ «ሳሎኑን አታበላሽብኝ» ትላለች።

ልክ ናት። ከዕቃ ቤቱ ጀምር፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ። ሁለት ግድግዳ ካለቀ በኋላ እሷ ራሷ ሳሎኑን ትሰጥሃለች፤ ወይም ስልኬን ትጠይቅሃለች።